የሟች ስም

ልብስ ሰፊዋ በልጇ ትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት ቆማ የፈቃድ ቅጹን ለሦስተኛ ጊዜ ታነበዋለች። ከሥራ በቀጥታ ስለመጣች ሜትሯ እንኳ ከአንገቷ አልወረደም። «የፈቃድ ምክንያት» ከሚለው ሥር ሁለት ሣጥን ብቻ አለ፤ የተማሪው ሕመም ወይም ሐዘን። ሐዘን ከሆነ ደግሞ «የሟች ስም» ይላል።

«አባቴ ታሟል እንጂ አልሞተም» ትላለች። «የአንድ ቀን መንገድ ነው ያለው። ሐኪሙ ከሁለት ሳምንት አያልፍም ብሎኛል። በር በተንኳኳ ቁጥር ‹ልጄ ደረሰች?› እያለ የሚጠይቀው እዚህ የምትማረውን የልጅ ልጁን ነው።»

ጸሐፊዋ ወደ ውስጠኛው ክፍል ሰረቅ አድርጋ ታይና ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች።

«እህቴ፣ ሞተ ብለሽ ጻፊና ተገላገይ። እዚህ አያቱን አራት ጊዜ የቀበረ ተማሪ አለ።»

ልብስ ሰፊዋ ሳቋ ይመጣባታል፤ ወዲያው ደግሞ ደሟ ይፈላል። «አባቴን በእስክሪብቶ አልገድልም!»

ርእሰ መምህሩ ጩኸቱን ሰምተው ብቅ ይላሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ደንብ ሲሉ ግን ሌላ አይታያቸውም።

«የፈተና ሳምንት ነው እኮ፣ እናቴ። ሐዘን ቢሆን ሦስት ቀን እንፈቅድ ነበር።»

«ለሬሳው ሦስት ቀን፣ ለሰውየው አንድም? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሆንብኝ ነው?»

«ያለ ፈቃድ ከወጣች ቀሪ ተብላ ትመዘገባለች። ፈተናውም ዜሮ ነው።»

«ይመዝግቧት! አባቴ ዘንድ ከምትቀር እናንተ ዘንድ ትቅር።»

ልጇ ከክፍሏ አንደኛ ናት፤ ዜሮው ምን እንደሚያስከትል አልጠፋትም። ቢሆንም እስክሪብቶውን ታነሣና «የሟች» የሚለውን ሰርዛ በላዩ «በሕይወት ያለ ሰው» ብላ ትጽፋለች፤ ከፊቱም የአባቷን ስም ከነአያቱ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወደ ክፍሎቹ ታመራለች። ማንም አያስቆማትም።

የክፍሉን በር ከፍታ ልጇን ስትጠራ ተማሪው ሁሉ ዞሮ ልጅቷን ያያል። እዚህ ትምህርት ቤት ልጅ ከትምህርት መሐል የሚጠራው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ልጅቷ ቦርሳዋን እንዳቀፈች፣ በድንጋጤ ክው ብላ ትወጣለች።

«እማ... አባባ ሞተ?»

«ኧረ አለ!» ትላታለች እናቷ፣ ኮሪደሩ ሙሉ እስኪሰማ። «አለ! ነይ፣ ነገ ጠዋት በሩን የምታንኳኪው አንቺ ነሽ።»