የማክሰኞው ህትመት

ወይንእሸት የራሷን የእገዳ ደብዳቤ ራሷ እየጻፈች ነበር። የሞጣው ትምህርት ቤት ጸሐፊ እሷ ናት፤ ሌላ ማን ይጻፈው? ርእሰ መምህሩ አቶ ሀብተ ሥላሴ ከጀርባዋ ቆመው ያስጽፏታል።

«የሒሳብ ፈተናውን አስቀድማ አትማ በማሾለኳ... ጻፊ እንጂ!»

«ማርያምን! እኔ አላተምሁም።»

«ማሽን አይዋሽም። አስናቀው፣ እስኪ አንብብላት።»

አስናቀው የኮምፒውተር መምህር ነው። ፈተና እየሾለከ ቢያስቸግር፣ ፕሪንተሩን ሌት ተቀን የሚያዳምጥ ፕሮግራም የሠራው እሱ ነው። አንድ ነገር በታተመ ቁጥር ከየትኛው ኮምፒውተር፣ ምን ፋይል፣ ስንት ገጽ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ ይመዘግባል። ሰሞኑን ደረቱን ነፍቶ ነበር የሚሄደው።

«ማክሰኞ፤ የወይንእሸት ኮምፒውተር፤ የሒሳብ ፈተና፤ አራት ገጽ፤ 11:10» ብሎ አነበበ።

«አስራ አንድ ሰዓት ከአስር! ሰው ሁሉ ወጥቷል። ጠዋት ለሥራ ከሄድሽበት ከቢቸና ተመልሰሽ ቢሮ አልገባሽም?»

«ማኅተሙን ላስቀምጥ ገብቻለሁ» አለች።

አስናቀው ቁጥሩን ደግሞ አየው። በስመ አብ! ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። 11:10 ማለት ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከአስር ነው። ያን ጊዜ ወይንእሸት ቢቸና ነበረች!

ደስታው ግን አልቆየም። በዚያ ሰዓት ወንበሯ ላይ ማን ነበር? የይለፍ ቃሏን ሰጥታው፣ ፕሮግራሙን ሲጭን የነበረው ራሱ ነው። ይሠራ እንደሆን ለመሞከር ያገኘውን ፋይል፣ ምን እንደሆነ እንኳ ሳያይ፣ አተመው። ምዝገባው ሲመጣለት ጮቤ ረገጠ፤ ወረቀቱን ደጅ ካለው ቆሻሻ መጣያ ወረወረው። ተማሪ ያነሣው ከዚያ መሆን አለበት።

ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። የሙከራ ቅጥሩ ሊያልቅ የቀረውም ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ወይንእሸት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና ወደ መጻፏ ተመለሰች።

«ጌታዬ፣ ሰዓቱ የረፋድ ነው» አለ አስናቀው። «ያተምሁትም እኔ ነኝ።» አንድም ሳያስቀር ነገራቸው።

አቶ ሀብተ ሥላሴ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም» አሉ። «ወይንእሸት፣ ስሙን ቀይሪው።»

ስሟን ፊደል በፊደል አጠፋችው። አስናቀው ብላ ጻፈችና ጣቷ ቆመ።

«የአባትህን ስም ማን ልበል?» አለችው፣ ቀና ብላ ሳታየው።