ደጅ የወጣው ፍራሽ

ግሌኒስ አዲሱን ፍራሽ የመረጠችው ሱቁ ውስጥ ተጋድማ፣ እጇን በወገቧ ሥር እየሰደደች ነው። እጇ እንደ ልብ የሚያልፍበትን ተወችው፤ ጨርሶ የማያስገባውንም ተወችው። መካከለኛውን በቅናሽ ገዛች። ሥራዋ መጦሪያ ቤት ውስጥ አረጋውያንን ማንሳትና ማገላበጥ ነው፤ ወገቧ እስከ ሰኞ ካልተሻላት ሌላ ሰው እንደሚቀጠር ተነግሯታል።

በማግስቱ ማዘጋጃ ቤቱ አሮጌ ዕቃ ከየደጁ የሚሰበስብበት ቀን ነበር። ከጎረቤቷ ከሬይሊን ጋር የድሮውን ፍራሽ ከአልጋው ላይ አንስተው፣ እየጎተቱ አውጥተው ውርጭ የያዘው ሣር ላይ ዘረጉት። ሬይሊን አንሶላውን ገፈፈችው። ፍራሹ ሁለት ቦታ ሰርጉዷል። አንደኛው የግሌኒስ ቦታ ነው። ሌላው ረዘም ይላል።

«አንቺ ሌባ!» አለች ሬይሊን እየሳቀች። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ብቻዬን ነኝ ስትይኝ! ማነው እሱ?»

«ማንም የለም» አለች ግሌኒስ። «ይህንንም ስገዛው አዲስ ነበር። በዚያ በኩል ተኝቼም አላውቅም።»

«ከእኔም ትደብቂያለሽ?» ብላ ሬይሊን በረጅሙ ስርጉድ ላይ እጇን አሳረፈች። ሳቋ ቆመ።

«ግሌኒስ፣ ስንት ሰዓት ነው የተነሳሽው?»

«በአሥራ አንድ። አሁን እኮ ሦስት ሊሆን ነው።»

ግሌኒስ የራሷን ቦታ ዳሰሰች፤ እንደ ሣሩ ቀዝቅዟል። ሬይሊን እጇን ይዛ ወደ ረጅሙ ወሰደችላት።

ይሞቃል።