ከድልድዩ በፊት የነበረው ድልድይ

የድልድዩን ብረት በመዳፌ ቸብ ቸብ አደርገዋለሁ፤ የራሴ በሬ ይመስል።

«ንኪው፣ ሩሀማ! እንዲህ ያለ ብረት አፍሪካ ውስጥ የለም። ዝሆን ከነቤተሰቡ ቢሻገርበት ንቅንቅ አይልም።»

«አባዬ፣ አበዛኸው» ትላለች ልጄ፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ።

ምኑ ነው የበዛው? ከአውቶቡስ ተራ ጀርባ፣ ትናንት አፍንጫችንን ይዘን እንሮጥበት በነበረው ወንዝ ላይ፣ ዛሬ እንደ ሙሽራ ያጌጠ የእግረኛ ድልድይ ተጋድሟል። ከሥራችን ሣሩ ተከርክሟል፣ አበባው በየቀለሙ ተተክሏል፣ ፏፏቴው ውሃውን ወደ ሰማይ ይተፋል። ከአንዋር መስጊድ በኩል የመጡ ሽማግሌዎች አግዳሚ ወንበሩን ሞልተው ፀሐይ ይሞቃሉ። መርካቶ ውስጥ ምንም ሳይሸጥ የተቀመጠ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

«ቦታውን የመረጥኩላቸው እኔ ነኝ። መሐንዲሶቹ ግራ ገብቷቸው ሲዞሩ፣ ‹እዚህ ጋ ነው› ብዬ በጣቴ አሳየኋቸው።»

ሩሀማ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። ቁም ነገር ሲመጣ እንዲህ ነው የምታደርገው።

«እሁድ የሃብታሙ ሽማግሌዎች እኔን ሊጠይቁ ሲመጡም እንዲህ ልታወራ ነው?»

«ታዲያ አባቷ ዲዳ ነው ይበሉ?»

«ቁጥብ ነው ይበሉ። በአክስቴ ሰርግ ላይ ያን የስፌት መኪና ወሬህን ስታወራ ሰው ሁሉ በክርኑ ሲጎሻሸም አይቻለሁ። አንተ አላየህም፤ እኔ ነኝ ያፈርኩት።»

ይቺ ጎኔን ትወጋኛለች። ብርድ ልብስ ነጋዴ ነኝ፤ ስለ ብርድ ልብሶቼ የምለውን ሁሉ አትመኑ። የስፌት መኪናው ግን እውነት ነው።

ጎረምሳ ሳለሁ አውቶቡስ ተራ ኩሊ ነበርኩ። ክረምት ላይ ወንዙ ሲሞላ የእንጨቱን መሻገሪያ ጠራርጎ ይወስደዋል፤ ያኔ ድልድዩ እኔ ነኝ፣ ሰው በጀርባዬ አሻግራለሁ። አንድ ቀን ጎርፉ ማዶ ያሉት ቤቶች ውስጥ ገባ። ልብስ ሰፊዋ እትዬ ሙሉነሽ «መኪናዬን ትቼ አልወጣም!» ብለው እሪ አሉ። ከነመኪናቸው አዝዬ አወጣኋቸው። ጭንቅላቱ፣ ጠረጴዛው፣ የብረት እግሩ፣ በአንድ ጉዞ። በዚያ ላይ ግማሽ ኩንታል ጤፍ።

ያዩት ጎረቤቶች ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው በየአቅጣጫው ተበትነዋል። የቀሩኝ ምስክር ራሳቸው እትዬ ሙሉነሽ ናቸው። ዛሬ ድልድዩን ሊያዩ ይመጣሉ።

«ስምምነታችንን እንዳትረሳ» ትላለች ሩሀማ። «እሳቸው እውነት ነው ካሉ፣ እሁድ እንዳሻህ ታወራለህ። ካላሉ፣ ‹እግዚአብሔር ይባርካችሁ› ብቻ።»

ረስተውት ቢሆንስ?

እነሆ፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው በዳገቱ በኩል ብቅ ይላሉ። ድልድዩ መሐል ሲደርሱ ቆመው ቁልቁል ያያሉ።

«ቤቴ እዚያ ቀዩ አበባ ጋ ነበር» ይላሉ። «ደግ ነው፤ አማረበት።»

ትዕግሥት አልፈጠረብኝም። «እትዬ፣ እስቲ ለልጄ ይንገሩልኝ። ከነስፌት መኪናዎ አላሻገርኩዎትም?»

«ከነእግሩ?»

«ከነእግሩ!»

«ውሸትህን ነው! እግሩንና ጠረጴዛውን ጎርፍ በላው። ጭንቅላቱን ብቻ ነው ያቀፍኩት።»

«ጤፉስ?» ትላለች ሩሀማ፣ እንደ ዐቃቤ ሕግ።

«የምን ጤፍ? ያኔ ማን ጤፍ ነበረው፣ የኔ ልጅ!»

ሩሀማ ታየኛለች። አትስቅም፤ ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። እሁድ አንገቴን ደፍቼ «እግዚአብሔር ይባርካችሁ» ስል ከወዲሁ ይታየኛል።

«ቆይ ግን» ይላሉ እትዬ፣ ምርኩዛቸውን ብረቱ ላይ አስደግፈው። «ይሄ ጉረኛ አባትሽ የማያውቀው ነገር አለ። ያን ቀን ጀርባው ላይ ብቻዬን አልነበርኩም።»

ሩሀማ ወደ እሳቸው ጠጋ ትላለች።

«ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ገና ሆዴ አልገፋም። ከዚያ በፊት ደጋግሞ ጨንግፎብኝ ስለነበር ለማንም ትንፍሽ አላልኩ። ውሃው መሐል ድንጋይ አንሸራተተውና በጉልበቱ ወደቀ። እኔን ግን አልጣለኝም። ደሙ ከጎርፉ ጋር ሲወርድ እያየሁ፣ እሱ ‹አይዞዎት እትዬ፣ እኔ ድልድይ ነኝ!› እያለ ጉራውን ይነዛል።»

«የጉልበትህ ጠባሳ?» ትላለች ሩሀማ። «ጅብ ነው የነከሰኝ አላልከኝም?»

«ጅቡ ሌላ ጊዜ ነው።» ወደ እትዬ እዞራለሁ። «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ሳይነግሩኝ ቀሩ?»

«ላንተ? መርካቶ ሁሉ እንዲሰማው?» ይስቃሉ። ከዚያ ወደ መናፈሻው ይጣራሉ፤ «ኢዩኤል! ና ወዲህ!»

ፏፏቴው ጋ ፎቶ ሲያነሳ የነበረ፣ ትከሻው እንደ ቁም ሣጥን የሰፋ ሰው ዞር ይላል። ልጅ እንዳላቸው አውቃለሁ። ወሩን ግን ቆጥሬው አላውቅም።

ሩሀማ ክንዴን ትይዛለች። «እሁድ አውራ፣ አባዬ።»

«ሁሉንም?»

«ከጤፉ በቀር።»

አፌን እከፍታለሁ። የምጨምርበት አጣሁ። ለካ ይሄን ሁሉ ዘመን አሳንሼ ነው ያወራሁት።

ኢዩኤል ድልድዩ ላይ ይወጣል። ዝሆን አያነቃንቀውም ያልኩት ብረት፣ እሱ በተራመደ ቁጥር በስሱ ይርገበገባል። ያን ቀን ጀርባዬ ላይ ያልተሰማኝ ክብደት አሁን ከጫማዬ ሥር ይሰማኛል፤ እየቀረበ፣ እየቀረበ።