በአሥራ አምስት ደቂቃ የደረሰው ራት

«እማዬ! እንዳትውጪው!»

ደነገጠች… ኑድሉ ከንፈሯ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ልጇ ከካሜራው ጀርባ ሮጦ መጥቶ አገጯ ሥር የፕላስቲክ ሳህን ደቀነ።

«ትፊው! እዚህ ትፊው!»

ተፋችው።

«ምነው ልጄ… ምን አጠፋሁ?»

«የፀጉር ስፕሬይ አለው እኮ! እንዲያብረቀርቅ ብዬ ነው። ሥጋውም ላዩን ብቻ ነው እሳት የነካው፣ ውስጡ ጥሬ ነው። ጎረስ ታደርጊና ፈገግ ትያለሽ፣ ‹በቃ› ስልሽ ትተፊያለሽ።»

እስቲ ትንሽ ወደኋላ ልመልሳችሁ…

ይህች እናት አንድ ልጇን ያሳደገችው በሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አንሶላና ሸሚዝ ስትተኩስ ኖራ ነው። ቀኝ እጇ ላይ የካውያ ጫፍ የመሰለ ጠባሳ አለ። «ልጅሽ ትምህርት ቤት ወድቆ ተሰበረ» ሲሏት ደንግጣ እጇ ላይ ያሳረፈችው ካውያ ነው።

ያ ልጅ ዛሬ ታዋቂ ሆኗል። ተከታዮቹ «ሼፉ» ይሉታል። የሩቅ ምሥራቅ ምግብ እቤት በአሥራ አምስት ደቂቃ እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል… ስስ ተደርጎ የተቆረጠ የበሬ ሥጋ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሶያ ሶስ፣ የተቀቀለ ኑድል… ራት ደረሰ!

እና አንድ ቀን ደወለላት።

«እማዬ ነይ፣ ራት ልሠራልሽ ነው። በገዛ እጄ!»

ልጇ ሠርቶ አብልቷት አያውቅም። ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች። ሦስት ሰዓት በአውቶብስ ስትጓዝ ምሳ እንኳ አልበላችም… «የሠራልኝን ሳልጨርስ ብተው ቅር ይለዋል» ብላ።

ስትደርስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ራት በዘጠኝ ሰዓት!

መጋረጃው ተዘግቷል፣ መብራቱ ዓይን ያጠፋል። ጠረጴዛው ላይ ከኑድሉ ሳህን እንፋሎት ይትጎለጎላል።

ጎንበስ ብላ አሸተተች… የሥጋ ሽታ የለም። የዝንጅብል ሽታ የለም።

እንፋሎቱን ግን ታውቀዋለች። ሃያ ሰባት ዓመት ፊቷን የለበለባት እንፋሎት ነው።

ከሳህኑ ጀርባ አየች… ካውያ! ያውም ልጇ ከቤት ሲወጣ «ሸሚዝህ ተጨማዶ እንዳላይ» ብላ የገዛችለት። ምግቡ ጠዋት ተሠርቶ ቀዝቅዟል፣ የሚተነው ካውያው ነው።

«እንዳይቀዘቅዝብኝ ብሎ ይሆናል» አለች በሆዷ። እናት አይደለች!

ከዚያ መቅረጽ ተጀመረ። መጀመሪያ ሹካ ይዛ ኑድሉን ስትጠቀልል እጇን በቅርበት ቀረጸ። ቀጥሎ መጉረስና መትፋት ሆነ።

አራት ጊዜ ጎረሰች… አራት ጊዜ ተፋች።

በአምስተኛው ረሀቡ አሸነፋት መሰለኝ፣ ዋጠችው።

«እማዬ ደግሞ! ብትታመሚ ማን ሊያስታምምሽ ነው? እኔ ሥራ አለብኝ እኮ!»

የቀረጸውን መለስ አድርጎ አየና ፊቱን አጨማደደ።

«የፊት ጥርስሽ አለመኖሩ ደስ አይልም… ተይው በቃ፣ ደክሞሻል። መኝታ ቤት ገብተሽ አረፍ በይ።»

«እሺ ልጄ… ራቱስ?»

«ፍሪጅ ውስጥ ዳቦ አለ።»

ዳቦዋን ይዛ ገባች። ትንሽ ቆይቶ በሩ ሲንኳኳና የሴት ሳቅ ሲሰማ፣ እንግዳ መጣበት ብላ ድምጿን አጠፋች።

በማግስቱ ወደ ቤቷ ስትመለስ አውቶብስ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠች ወጣት ስልኳን እያየች እንባዋን ትጠርጋለች።

«እማማ፣ ይህን ልጅ ይዩልኝማ! እናቱን በእጁ ሲያጎርሳት… መውለድስ እንዲህ ያለውን ነው!»

አየች።

ሳህኑ ያው ነው። እንፋሎቱ ያው ነው። ልጁም የራሷ ልጅ ነው።

የምትጎርሰው ሴት ግን ሌላ ናት! ፀጉሯ የተሠራ፣ ጥርሷ ሙሉ፣ አይታት የማታውቅ ሴትዮ… ከሥሯ «ለወለደችኝና ላሳደገችኝ እናቴ» ተብሎ ተጽፏል።

ስልኩን ተቀብላ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው።

«ምግቡ ቀዝቃዛ ነው» አለች። «እንፋሎቱ የካውያ ነው።»

ወጣቷ ሳቀች። «እማማ ደግሞ! የእርስዎ ልጅ አብልቶዎት አያውቅም መሰለኝ…»

«አያውቅም» አለች፣ ስልኩን እየመለሰችላት።

ወጣቷ የተዘረጋውን እጅ ያየችው ያኔ ነው። ጠባሳውን አየች…

ቪዲዮውን ወደኋላ መለሰችው። ኑድሉን የሚጠቀልለው እጅ ላይ የካውያ ጫፍ የመሰለ ጠባሳ አለ። የምትጎርሰዋ ሴትዮ እጅ ግን ንጹሕ ነው።

ሼፉ ከእናቱ ቆርጦ ያስቀረው ያቺን እጅ ብቻ ነበር!

ወጣቷ «ይህ እጅ የእርስዎ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። እናትየዋም ከላይ ያነበባችሁትን ሁሉ ነገረቻት። ስትወርድ ያለችው ግን ይህን ነው፦ «አትፍረጂበት ልጄ፣ ሥራ ይበዛበታል።»

ታሪኩን በውስጥ መስመር የላከችልኝ ያቺ ወጣት ናት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያቅለሸልሻል! ስፕሬይ የተረጨበት ሥጋ ከዚህ ይሻላል። ተርባ የመጣች እናቱን ዳቦ አስይዞ ጓዳ ዘግቶ፣ ሳሎን ውስጥ የተከራያትን «እናት» የሚያጎርስ ሰው… ኤጭ!

የባሰውን ልንገራችሁ?

ያንን ቪዲዮ እዚሁ ገጽ ላይ «ልጅ ማለት እንዲህ ነው» ብዬ ያጋራኋችሁ እኔ ነኝ። እናንተም ልብ ደርድራችሁበታል። ራሴንም ተጸየፍኩት።

ለሰው ዓይን ተብሎ የተሠራ ፍቅር እንደዚያ ኑድል ነው… ሲያዩት ያምራል፣ የሚበላው ግን የለም። ሥጋና ኑድል እውነትም አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ያ ልጅ ለመቅረጽ ግማሽ ቀን ነበረው፤ ለእናቱ ግን አሥራ አምስት ደቂቃ አጣ።

እናንተስ? ማንም ሳያያችሁ፣ ማንም ሳይቀርጻችሁ፣ ለእናታችሁ ትኩስ ነገር ሠርታችሁ አብራችኋት የበላችሁት መቼ ነው? እስቲ ሳትዋሹ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ…