የሐዘን ፈቃድ

ሚያዝያ 3 ቀን 2061 ዓ.ም.፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ ባለቤቴን አስቻለውን ቀብረን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠናል። የሙሉ ቀን ትምህርት የሚሉት ሥርዓት ልጆቻችንን ንጋት ላይ ወስዶ እንቅልፍ ከጣላቸው በኋላ ይመልስልናል፤ ወላጅ ይረፍ ተብሎ። እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ አርፌያለሁ።

የአሥር ዓመቷ ልጄ ትርሲት አርባ ደቂቃ ተፈቅዶላት ከትምህርት ቤቷ ሞግዚት ጋር መጣች። ለቀስተኛውን አየችና እጇን አወጣች።

«ምነው ልጄ?» አልኳት።

«ቲቸር፣ ማልቀስ ይቻላል?» አለችኝ፣ እኔኑ እናቷን እያየች።

ሞግዚቷ ሰዓቷን አየች። «ጎበዝ! ግን አሁን የመክሰስ ሰዓት ነው።»

አክስቴ ድንቄ አላስቻላትም። «አባቷን ቀብራ መክሰስ? እናንተ እኮ ሬሳንም በደወል ታሰልፋላችሁ!»

ትርሲት እጇን እንዳወጣች የትምህርት ቤቱ መኪና ውስጥ ገባች።

ሰኔ ላይ ካርዷ መጣ። ሥነ ምግባር፦ እጅግ በጣም ጥሩ።