የጥጉ ፓይል

ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ባለው የሕንፃ ግንባታ ሳይት፣ ኢንጂነር ቦንቱ ሕንፃውን እንዲሸከሙ መሬት ውስጥ የተቀበሩትን የኮንክሪት ምሰሶዎች፣ ፓይሎቹን፣ ከጠዋት ጀምሮ ስትመረምር ነበር። ረዳቷ ጋሽ ጀቤሳ የፓይሉን ጫፍ በመዶሻ ይመታሉ፤ ምቱ እስከ ግርጌው ወርዶ ሲመለስ ጫፉ ላይ በሰም የተጣበቀው ሴንሰር ይቀበለዋል፤ ስክሪኗ ላይም ይሰመራል። መሃል ላይ ስንጥቅ ካለ ከዚያው ይመለሳል።

የጥጉ ፓይል ከሃያ ሜትሩ ግርጌ ሳይሆን ከአስራ ሁለት ሜትር ላይ መለሰ።

«እስቲ ይድገሙት፣ ጋሽ ጀቤሳ።»

ደገሙት። ሰባት ሜትር።

ስንጥቅ ደግሞ ከቦታው ተነስቶ ሽቅብ አይወጣም። ሴንሰሩ ላልቶ ይሆናል ብላ በአዲስ ሰም አጣበቀችው። አጠገቡ ያለውን ፓይል ሞከረች፤ ደህና ነው። ወደ ጥጉ ተመለሰች።

ሦስት ሜትር።

«ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ልክ አይደለም?»

«ምንም አልሆንኩም። ብቻ አንዴ ይምቱልኝ።» ነገ በእሷ ፊርማ ከላዩ የመሠረቱ ኮንክሪት ሊሞላበት ነው። ተንበረከከችና ሴንሰሩን እንዳይነቃነቅ በመዳፏ ተጫነችው፤ ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም።

ምቱ መዳፏን ነዘራት። ስክሪኑ ላይ መስመሩ ዜሮ ሜትር ላይ ዘለለ፤ ከጫፉ፣ ከእጇ ሥር።

«በቃ፣ ይተውት» አለች፣ ቀና ሳትል።

«ኧረ እኔ ገና አልመታሁም» አሉ ጋሽ ጀቤሳ ከኋላዋ፣ መዶሻውን ከአሸዋው ክምር ላይ እያነሱ።