ፋብሪካ የሚያቆም ሳል

ሕጉ የወጣው ለእኛው ለፋብሪካው ጎረቤቶች ጤና ታስቦ ነው፤ ከሰፈራችን ሰው ሲያስል በየቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው መሣሪያ ይሰማና ቆዳ ፋብሪካው ወዲያው ይቆማል። በቆመ ቁጥር ግን ሠራተኛ ይቀነሳል፤ የሚቀነሱት ደግሞ የዚሁ ሰፈር ልጆች ናቸው። ስለዚህ በርበሬ መውቀጥ ትተናል፤ ወጡ ሁሉ አልጫ ሆኗል።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ ሽሮዎም እንደ እርስዎ ገረጣሳ!» አልኳቸው ምሳ ጋብዘውኝ።

«ዝም ብለህ ብላ፣ አንተ ቀልደኛ! አስቀኸኝ ላስል ነው?»

ልጃቸው ስንቅነሽ ከፋብሪካው እንደገባች፣ ገና ሳትቀመጥ ሳል ያንቃት ጀመር። እናትየው ዘለው ተነሱና ነጠላቸውን አፏ ላይ ጠቀጠቁት።

«እዚህ አይሆንም ልጄ፣ ቻይው! ነገ ሥራ ስትገቢ እዚያው ታስያለሽ፤ ፋብሪካ ውስጥ የሳሉት አይቆጠርም።»

ልጅቷ ነጠላውን ልትገፋ ስትታገል፣ እኔም ተነስቼ እጆቿን ያዝኩላቸው።